የስንብት ደብዳቤ ቅኔ አይደለም

ለ፦ ሰው ለምትቀጥሩና ለምታሰናብቱ ኃላፊዎች፣ ማናጀሮችና የኤች አር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ባለሙያዎች፣ በያላችሁበት
ጉዳዩ፦ ሰው የምታባርሩበትን ትክክለኛ ምክንያት ወረቀቱ ላይ ስለመጻፍ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤ መጻፍ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፣ 11 አመት ሙሉ ኤች አር ውስጥ ሰርቻለሁ፣ የቅጥር በሉት የእድገት በሉት የማስጠንቀቂያ በሉት የስንብት፣ ስንቱን ጽፌ አስፈርሜ ማህተም አስመትቼ ፋይል ውስጥ ከትቻለሁ። ይሄኛውን ግን ማንም ሳያዘኝ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ቋንቋው እንደ ቢሮ ባይሆን አትቀየሙኝ፣ የቢሮውን ቋንቋ እኮ ጠግቤዋለሁ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እነዛ ከጻፍኳቸው የስንብት ደብዳቤዎች ውስጥ ቢያንስ ሶስቱ ውሸት ናቸው። የፊደል ግድፈት የለባቸውም፣ ቁጥር አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ ይጠቅሳሉ፣ ኦዲተር ቢያያቸው እሰይ ነው የሚለው። ግን ውሸት ናቸው። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው አይደል፣ የኔም ደብዳቤዎች እንደዛ ነበሩ። ሰሙ «በተደረገው የመዋቅር ማስተካከያ ምክንያት የስራ መደቡ አስፈላጊ ሆኖ ባለመገኘቱ» ይላል፣ ወርቁ ደግሞ «ፌስቡክ ላይ የጻፍከው ነገር ስራ አስኪያጁን አናዶታል» ነው። የቅኔ ወርቅ ሲፈታ ሰው ይደሰታል፣ የኔን ቅኔ ግን ፈታሁት ብሎ የተደሰተ ሰው አላየሁም።

የመጀመሪያውን ልንገራችሁ። ሰውየው ሂሳብ ክፍል ነበር፣ ዝም ያለ፣ ከሰው ጋር ብዙም የማይቀላቀል። ምርጫ ሊደርስ ሲል በራሱ ስም በራሱ ገጽ አንድ ጽሁፍ ለጠፈ፣ የአንዱ ፓርቲ የታክስ እቅድ ደሞዝተኛውን እንዴት እንደሚጎዳ በቁጥር አስልቶ። ስድብ የለበትም፣ የድርጅቱ ስም የለበትም፣ እንደውም እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ጽሁፍ ነው፣ ካልኩሌተር ይዞ ለሚያነብ ካልሆነ በቀር። እሁድ ማታ ስራ አስኪያጁ ስክሪንሾቱን ላከልኝ። ከስሩ «ይሄ ሰው የኛ ነው?» ይላል። አዎ አልኩ። «እስከ አርብ እንዳላየው» አለኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ኮሚቴ የለ፣ ምርመራ የለ፣ ሰውየው ተጠርቶ ይጠየቅ የሚል የለ።

ሰኞ ጠዋት የግል ማህደሩን አወጣሁ። ጥፋት ነበር የምፈልገው፣ አልዋሻችሁም። አንዲት የማርፈድ ማስጠንቀቂያ እንኳን ብትገኝ ብዬ ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። ያገኘሁት ከፍተኛ የአፈጻጸም ውጤትና እኔው ራሴ ከአመት በፊት የጻፍኩለት የምስጋና ደብዳቤ ነው። እና መዋቅር የምትባለዋን ነገር አመጣኋት። መዋቅር እኮ ምርጥ ቃል ናት፣ ማንንም አትከስም፣ ማንም አይጠየቅባትም፣ እንደ አየር ጸባይ ነው፣ ዘነበ በቃ።

ክሊራንሱን ሊጨርስ ሲመጣ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመና «ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። «ምንም፣ መዋቅር ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና «እሺ» ብሎ ወጣ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ለዛው ወንበር ማስታወቂያ አወጣን። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ የመደቡን መጠሪያ ከሲኒየር አካውንታንት ወደ ፋይናንስ ኦፊሰር ቀየርኩና የስራ ዝርዝሩን ኮፒ ፔስት አደረግኩት። አላየውም ብዬ ነበር፣ ግን ስራ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ ካላየ ምን ሊያይ ነው።

እንግዲህ ከናንተ መሀል «ታዲያ ምን አስጻፈው፣ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሰራተኛ ስራውን ይስራ ፖለቲካውን ቤቱ ይተው» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም እል ነበር። ችግሩ ሰውየው የጻፈው ቤቱ ሆኖ ነው፣ እሁድ ቀን፣ በራሱ ስልክ። ቢሮውን ወደ ቤቱ የወሰድነው እኛ ነን እንጂ እሱ ፖለቲካውን ቢሮ አላመጣውም።

ሰራተኛውም በበኩሉ አንድ የሚሳሳተው ነገር አለ። «ሀሳቤን የመግለጽ መብት አለኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይመጣል፣ መብቱ ግን ከማን እንደሚጠብቀው አያጣራም። የአሜሪካኖቹን ህገ መንግስት ውሰዱ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚጠቅሰው የመጀመሪያው ማሻሻያ፣ ስለ ንግግር ነጻነት የሚናገረው፣ የሚያስረው መንግስትን ነው፣ የግል ድርጅትን አይደለም። እዛ አገር አብዛኛው የግል ቅጥር ደግሞ ያለ ምክንያትም ቢሆን ሊቋረጥ የሚችል ነው። በ2017 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከአዋጅ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አመቶችም እንደዛው ናቸው) ጁሊ ብሪስክማን የምትባል ሴት ሳይክል እየነዳች የፕሬዚዳንት ትራምፕ አጀብ በአጠገቧ ሲያልፍ የመሀል ጣቷን አሳየች፣ አጀቡን የተከተለ ፎቶ አንሺ ከጀርባዋ አነሳት፣ ፊቷ እንኳን አይታይም። ፎቶውን ፕሮፋይሏ ላይ ስታደርገው ነው ጉዱ የመጣው፣ ከመንግስት ጋር ኮንትራት ያለው ቀጣሪዋ የሶሻል ሚዲያ ፖሊሲ ጥሰሻል ብሎ አሰናበታት። ከሰሰች፣ ፍርድ ቤቱ ያላግባብ ተባረርኩ የሚለውን ክሷን አልተቀበለውም። ከሁለት አመት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ለካውንቲው ምክር ቤት ተወዳድራ አሸነፈች፣ ያው የሷ ነገር አማረላት፣ የብዙው ሰው ግን አያምርም።

ከዛ ታሪክ እኔን የቆረቆረኝ ጣቷ አይደለም። አንድ ወንድ ባልደረባዋ ፌስቡኩ ላይ ጸያፍ ስድብ ጽፎ አጥፋው ተብሎ ብቻ በስራው ቀጥሏል ብላ መናገሯ ነው። እንደሱ ከሆነ ፖሊሲው ለሁሉም እኩል አልሰራም ማለት ነው። እኔ ባየሁት ሁሌም እንደዛው ነው። የኛው ስራ አስኪያጅ ስብሰባ ላይ የራሱን ፓርቲ ሳያነሳ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ ጭንቅላቱን የነቀነቀለት ሰው «ፖለቲካ ቢሮ አመጣህ» ተብሎ አያውቅም። ፖለቲካ የሚባለው የሌላኛው ሰው ሀሳብ ነው ለካ።

የመንግስት ሰራተኛ ሲሆን ነገሩ ይለያል። እዛው አሜሪካ በ1981 ፕሬዚዳንት ሬጋን ተተኩሶባቸው ሲቆስሉ ቴክሳስ ውስጥ አርዲት ማክፈርሰን የምትባል የ19 አመት ልጅ፣ ኮንስታብል በሚባለው የህግ አስከባሪ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ መረጃ የምታስገባ፣ ለጓደኛዋ ቀስ ብላ «ደግመው ከሞከሩ ይሳካላቸው» የሚመስል ነገር ተናገረች። ሌላ ሰው ሰማ፣ ለአለቃ ተነገረ፣ የዛኑ እለት ተባረረች። እኔ በእውነት ንግግሩ ይዘገንነኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1987 በ5 ለ4 ድምጽ ፈረደላት። ስራዋ መረጃ ማስገባት ነው፣ መሳሪያ አልያዘች፣ ህዝብ አታገለግል፣ የተናገረችው በግል ወሬ ነው፣ የቢሮውን ስራ ምኑ ላይ አደናቀፈው ነው ጥያቄው። ልብ በሉ፣ ጥያቄው «ጥሩ ነገር ተናግራለች ወይ» አይደለም። ስራው ምን ሆነ ነው።

ይሄን ጥያቄ በደንብ የሚፈትን ታሪክ ደግሞ እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ አለ፣ ይሄን ለኤች አር ሰልጣኞች ሁሉ ባስተምረው ደስ ይለኝ ነበር። አርተር ሬድፈርን አካል ጉዳተኞችን የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ ከሚያጓጉዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ትውልዳቸው ከእስያ ነው። በስራው አንድም ቅሬታ አልቀረበበትም፣ ራሱ የእስያ ተወላጅ የሆነው ተቆጣጣሪው አንደኛ ደረጃ ሰራተኛ ብሎ አጭቶታል። ሰውየው ግን የነጮች ብቻ የሆነ ፓርቲ አባል ነበር። በ2004 በዛ ፓርቲ ስም ለከተማው ምክር ቤት ሲመረጥ አባረሩት። አመት ስላልሞላው የእንግሊዝ ህግ ያላግባብ ተባረርኩ ብሎ እንዲከስ እንኳን አልፈቀደለትም። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2012 በ4 ለ3 ድምጽ እንግሊዝ ተሳስታለች አለ፣ ቢያንስ አቤት የሚልበት በር ሊኖረው ይገባ ነበር ነው ነገሩ። በዓመቱ እንግሊዝ ህጓን ቀየረች፣ በፖለቲካ አቋሙ የተባረረ ሰው የአገልግሎት ዘመን ሳይጠየቅ መክሰስ ቻለ።

የዛ ሰውዬ ፓርቲ እኔን ቢያገኘኝ ከአገር ያባርረኛል፣ ስለዚህ ወድጄው ነው የምከራከርለት እንዳትሉ። ግን አስቡት፣ መመዘኛችን «ሀሳቡ ደስ ይለኛል ወይ» ከሆነ የሂሳብ ክፍሉ ሰውዬም አይተርፍም፣ እኔም አልተርፍም፣ ስራ አስኪያጁም አለቃ ሲቀየርበት አይተርፍም።

ጀርመኖቹ ጋም አለ። በ1972 መንግስት ስራ ውስጥ ጽንፈኛ አይኑር የሚል ውሳኔ አውጥተው ስንት ሰው ሲያጣሩ ከረሙ። ዶሮቴያ ፎግት የምትባል ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ አስተማሪ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነሽ ተብላ ተባረረች፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስትሰብክ የያዛት ሰው የለም፣ ተማሪውም ወላጁም ያከብራታል። በ1995 ያው የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ፈረደላት፣ 10 ለ9። አያችሁት አይደል፣ 5 ለ4፣ 4 ለ3፣ 10 ለ9። እኔ ይሄን ሳይ ተረጋጋሁም ፈራሁም። ትልልቅ ዳኞች በአንድ ድምጽ የሚለያዩበትን ነገር እኛ እሁድ ማታ በአንድ ስክሪንሾት እንወስነው ነበር።

ሁሉም ሰራተኛው ያሸንፋል ማለትም አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ሚካኤላ ባነርጂ የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤት ሰራተኛ ሆና ስሟን ደብቃ በትዊተር የገዛ መስሪያ ቤቷን ትተች ነበር፣ ከ9,000 በላይ ትዊት፣ አብዛኛው ከስራ ሰአት ውጪ በራሷ ስልክ። ማን እንደሆነች ተደረሰባትና በ2013 ተባረረች፣ በ2019 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምጽ መስሪያ ቤቱን ደገፈ። ገለልተኛ ሲቪል ሰርቪስ መኖሩ ይበልጣል አሉ። ስም መደበቅ አያድንም ማለት ነው፣ ይቺን ሰራተኞች ስሙ። እና ደግሞ ልብ በሉ፣ እዛ ቢያንስ ሁሉም ሰው ስለምን እንደሚከራከር ያውቃል። ትዊቱ ነው ምክንያቱ ተብሎ ተጽፏል፣ እሷም ያንኑ ይዛ እስከ ላይ ሄደች። የኔ ሰውዬ ግን ምኑን ይዞ ይሂድ? መዋቅርን?

ዋናው ነገሬ እዚህ ጋ ነው። የአለም የስራ ድርጅት ከ1958 ጀምሮ በ111ኛው ስምምነቱ በፖለቲካ አስተያየት ምክንያት በስራ ላይ ልዩነት አይደረግ ይላል፣ ከ170 በላይ አገር አጽድቆታል። በ1982 የወጣው 158ኛው ስምምነት ደግሞ ግልጽ ነው፣ ሰው የሚባረረው ከችሎታው ወይ ከስነ ምግባሩ ወይ ከድርጅቱ ስራ ጋር በተያያዘ በቂ ምክንያት ብቻ ነው፣ የፖለቲካ አስተያየት በቂ ምክንያት አይደለም ብሎ በስም ጠርቶታል። ይሄን ያጸደቀው ግን ከ40 አገር በታች ነው። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ካጸደቁት ናት፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26 ላይም የፖለቲካ አመለካከት ህጋዊ የማሰናበቻ ምክንያት እንዳልሆነ ተጽፏል። ህጉማ አለ። ግን ህጉ ባለበት አገር ቀጣሪው ይዋሻል፣ ህጉ በሌለበት አገር ደግሞ ምክንያት የሚጠይቀው የለም። እኔ ያንን ቅኔ የጻፍኩት ህጉን ስለማላውቀው እንዳይመስላችሁ፣ ጠንቅቄ ስለማውቀው ነው። ህጉ የትኛውን ቃል እንዳልጽፍ ነገረኝ፣ እኔም አልጻፍኩትም። አድርግ ያለኝን ሳይሆን አትጻፍ ያለኝን ብቻ ሰማሁ።

ለዚህ ይመስለኛል ያ 158ኛው ስምምነት የማስረዳቱ ሸክም ሰራተኛው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የሚል ነገር ያስገባው። ማህደሩ ማን እጅ ነው? ቃለ ጉባኤው፣ ኢሜሉ፣ የእሁድ ማታው ሜሴጅ ማን ስልክ ላይ ነው? ሰራተኛው ያለው «ምን አጥፍቼ ነው» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ለናንተ ለኃላፊዎች ላድላ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ይፈቀድ የምል እንዳይመስላችሁ። ዳኛ፣ ምርጫ አስፈጻሚ፣ ዩኒፎርም ለብሶ መሳሪያ የያዘ ሰው፣ እነዚህ አደባባይ ላይ ፓርቲ ቢይዙ ነገ ፊታቸው የሚቆመው ሰው ምን ያምናቸዋል፣ ይሄ ይገባኛል። በድርጅቱ ገጽና በድርጅቱ ኢሜል የራሱን ፖለቲካ የሚነዛ ሰውም ይጠየቅ። ባልደረባውን በዘሩ ወይ በሃይማኖቱ የሚያስፈራራ፣ አንተን የመሰለውን እንዲህ እናደርጋለን የሚል ሰው ደግሞ የፖለቲካ አስተያየት ብሎ ሊሸፈን አይገባውም፣ ማስፈራራት ነው በቃ። እንዲህ አይነቱን ስታሰናብቱ ግን ወረቀቱ ላይ ለመጻፍ ማን ይከለክላችኋል? «በዚህ ቀን ለባልደረባህ ይሄን ብለሃል፣ ቃልህን ሰጥተሃል፣ ኮሚቴው ይሄን ወስኗል።» እጅ ሳይንቀጠቀጥ የሚጻፍ ነገር ነው። የኔ መለኪያ ይቺው ናት፣ እጄ ወደ መዋቅር የሄደ ጊዜ ጥፋቱ ከሰራተኛው ጋ እንዳልሆነ ቀድሜ አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ ብዙ የማይወራ፣ በመናገር ሳይሆን ባለመናገር መባረር። ሰልፍ ውጡ ስትባሉ ያልወጣ፣ ቲሸርቱን ያልለበሰ፣ የአለቃውን ፖስት ላይክ ያላደረገ። ሁለተኛዋ የውሸት ደብዳቤዬ የዚህ አይነት ናት። ልጅቷ ምንም አልጻፈችም፣ ጥፋቷ ምንም አለመጻፏ ነው። የሰራተኞች ግሩፕ ላይ ስራ አስኪያጁ አንድ የፓርቲ ነገር ሲለጥፍ ሁሉም አበባና ጭብጨባ ያዘንብለታል፣ እሷ ሁሌ ዝም። አንድ ቀን «ይቺ ልጅ አቋሟ ምንድነው?» ተባለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እኛ ቤት ግን ዝምታም ነቀዘ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና «የሚፈለገውን ውጤት ባለማሳየትሽ» ብዬ ጻፍኩ። የካሊፎርኒያ የስራ ህግ ይሄንን ከ1937 ጀምሮ ያውቀዋል፣ ቀጣሪ ሰራተኛውን አባርርሃለሁ እያለ ይሄን የፖለቲካ መስመር ተከተል ወይ አትከተል ማለት አይችልም ይላል። ያኔ ላይክ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ግን ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው።

ሶስተኛውን አልነግራችሁም፣ በህይወት ያለ ሰው ነው፣ በዝርዝሩ ይታወቃል።

ከሶስቱ በኋላ ቢሮው ምን ሆነ? ሰላም ሆነ። ግሩፑ ላይ መልካም ልደትና ነፍስ ይማር ብቻ ቀረ። ስራ አስኪያጁ ደስ አለው፣ «አየህ አሁን ሰው ስራው ላይ ነው» ይለኝ ነበር። ከዛ አንድ አዲስ የደሞዝ ሲስተም ገባ፣ የትርፍ ሰአት ክፍያ ሲያሰላ ይሳሳታል፣ ሂሳብ ክፍል ያሉት ልጆች ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አይተውታል። አንዳቸውም አልተናገሩም፣ ምክንያቱም ሲስተሙን ያስመጣው ስራ አስኪያጁ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሲሳሳት ቆይቶ ከውጪ የመጣ ኦዲተር ነው ያገኘው። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ አንዷን ስጠይቃት የመለሰችልኝን አልረሳውም፣ «ያ ሰውዬም ቁጥር ነው የጻፈው» አለችኝ። ሰው ምላሱን በሁለት አይከፍለውም፣ ይሄ ለፖለቲካ ይሄ ለስራ ብሎ። ስትዘጉት ሁሉም ነው የሚዘጋው።

ግልጽ የሆነ ክልከላ የሚያወጡ ድርጅቶች አሉ፣ እነሱን እንኳን ሳልወዳቸው አከብራቸዋለሁ። ኮይንቤዝ የሚባለው የአሜሪካ የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት በ2020 እኛ ጋ ከስራችን ውጪ ያለ ፖለቲካ አይወራም ብሎ በግልጽ ጽፎ አወጣና ይሄ የማይስማማው ካሳ ይዞ ይሂድ አለ፣ 60 የሚሆኑ ሰዎች ሄዱ፣ ከሰራተኛው 5 በመቶ ገደማ። ቤዝካምፕ የሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት በአመቱ ተመሳሳይ ነገር ሲሞክር ከሰራተኛው ሲሶው ገደማ ለቀቀ። ትክክል ናቸው አይደሉም ሌላ ክርክር ነው፣ እኔ የወደድኩት ህጉ ሰው ከመጎዳቱ በፊት መነገሩን ነው። ሰውየው አንብቦ፣ ተናዶ፣ አስቦ፣ ገንዘቡን ይዞ ሄደ። የኛው ህግ ግን የሚታወቀው ሰው ሲጥሰው ብቻ ነበር፣ ያውም ከተባረረ በኋላ፣ ያውም ገምቶ።

እና የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ምን እንደሚያስጠይቅ ቀድማችሁ ጻፉና አስፈርሙ፣ ለአለቃውም ለጽዳት ሰራተኛዋም እኩል ይስራ። ስክሪንሾት በመጣ ማታ ምንም አትወስኑ፣ ሰውየውን ጠርታችሁ ስሙት፣ ስራው ላይ ምን ጉዳት እንደደረሰ ጠይቁ፣ ጉዳቱን ማስቀመጥ ካቃታችሁ ጉዳት የለም ማለት ነው። ካባረራችሁ ደግሞ ምክንያቱን እንዳለ ጻፉት። «ባለህ የፖለቲካ አመለካከት ምክንያት» ብላችሁ ለመጻፍ ካፈራችሁ ወይ ጠበቃችሁ ካስፈራራችሁ፣ እፍረቱንና ፍርሃቱን ስሙት፣ መልሱ እሱ ጋ ነው ያለው። ለኤች አር ጓደኞቼ ደግሞ፣ አውቃለሁ፣ እናንተም ደሞዝተኛ ናችሁ፣ እምቢ ብትሉ ቀጣዩ መዋቅር የናንተ ነው። ጀግና ሁኑ አልልም፣ እኔም አልሆንኩም። ግን «በጽሁፍ ይዘዙኝ» ማለት ትችላላችሁ። ይቺን አረፍተ ነገር ያገኘኋት በዘጠነኛው አመቴ ነው፣ አንድ ጊዜ ተጠቀምኩባት፣ ትእዛዙ በጽሁፍ ሳይመጣ ቀረ፣ ያ ሰው እስክለቅ ድረስ ስራው ላይ ነበር።

ለሰራተኞችም አንድ ሁለት ቃል፣ ደብዳቤው ለናንተ ባይሆንም እያነበባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ምክንያቱን በጽሁፍ ጠይቁ፣ የአፈጻጸም ውጤታችሁን ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ፣ ባዶ የሆነ ወይ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ወንበራችሁ ተሰርዟል ተብላችሁ ማስታወቂያው ተመልሶ ሲወጣ ቀኑን ጨምራችሁ ያዙት፣ ይሄ ከምታስቡት በላይ ማስረጃ ነው። የክስ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ ወደ ስራ ልመለስ የሚል ክስ ከተባረሩበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው ያለው፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ተኝታችሁ ስትነሱ ያልፋል። የሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ ማስታወቂያው ሲወጣ ገና ጊዜ ነበረው። እንደማያውቅ አውቅ ነበር፣ አልደወልኩለትም።

እኔ አልተባረርኩም፣ በራሴ ፈቃድ ነው የለቀቅኩት፣ የስራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ «በታማኝነት አገልግሏል» ይላል። እሱንም ቢሆን ቅኔ ነው ብላችሁ ብትፈቱት አልከፋም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ፣ ካለህበት። መዋቅር አልነበረም። ምንም አላጠፋህም፣ ምክንያቱ ያ የታክስ ጽሁፍህ ነበር፣ ስሌቱንም አይቼው ነበር፣ ትክክል ነው።